የወለቃ ምስሎች

በልጅነቴ ጎንደር ውስጥ ጋንና እንስራ የሌለበት ቤት አላውቅም። ጋኑን ማን እንደ ሠራው የሚናገር ቤትም አላውቅም። እናቴ ጠላ ጠማቂ ስለነበረች ዕቃ ቶሎ ቶሎ ያልቅብን ነበር፤ ጋኑ ይሰነጠቃል፣ እንስራው ከወንዝ መልስ ከጀርባ ወርዶ ይከሰከሳል፣ ምጣዱ ይነቃል። ያን ጊዜ ወደ ወለቃ የምላከው እኔ ነኝ። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። መንደሯ ዛሬም አለች፤ ያኔ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው የሌሉባት።

ስላክ ከብሩ ጋር ምክር ይጨመርልኛል። «የሰጡህን እንዳትቀምስ፤ በልቼ ነው የመጣሁ በል። ዓይን ዓይናቸውን አትይ። ሳይመሽ ተመለስ።» ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። ይህን የማያምን ትልቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ወጡ በእነሱ ድስት ይሠራል፣ እንጀራው በእነሱ ምጣድ ይጋገራል፣ ቡናው በእነሱ ጀበና ይፈላል፤ ያንን ስንበላና ስንጠጣ ስለ ቡዳ የሚያነሳ የለም። ጉድ ነው መቼም።

ጥንቃቄው በአንድ ወገን ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። እነሱም በኦሪት ሕጋቸው ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ ነበር፤ «አትንኩኝ» የሚባለው ሥርዓት ነው። የተነካካ ሰው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ሥርዓቱ ላላ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ብሩን ከእጄ አይቀበሉም፣ «እዚያ አኑረው» ብለው ድንጋዩን ያሳዩኛል። ይሁንና ሁለቱን ጥንቃቄዎች እኩል አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። የእነሱ ጥንቃቄ ማንንም ከመሬቱ አልነቀለም። ቤተ እስራኤላውያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ጦር ከተሸነፉ በኋላ ርስት አልባ ሆኑ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ግንብ ገነባ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ጭቃ ያዘች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማ ያደረጓት ጎንደር ዛሬ የምትኮራባቸውን ግንቦች ከገነቡት እጆች መካከል የእነሱም ነበሩ።

የጎንደር ትልቁ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ሰንበት ጠባቂ ሰው ቅዳሜ ዕለት ሳንቲም አይነካም፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ በሚገበያይበት ቀን ሸክላ ሠሪዎቹ ቤታቸው ናቸው። ጥሩ ጋን የፈለገ በሌላ ቀን ራሱ ሄዶ ማዘዝ ነበረበት። እኔም ከወለቃ ጋር የተዋወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የምላክባትን ሴትዮ እታለም ነበር የምላት። ስሟን እናቴም አታውቀው፤ «የወለቃዋ ሴትዮ» ናት። ዕቃ ስታስረክበኝ ራሷ በጣቷ አጥንት ኳ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ትሰጣለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ የታፈነ ከሆነ ዓይን የማያየው ንቃት አለበት። የታፈነውን አትሸጥልኝም። ከተማ ያሉ ነጋዴዎች እንዲህ ያለ ዕቃ በሽንኩርት ውሃም በምንም ብለው ሲያሻሽጡ አይቻለሁና ይህን አልረሳላትም።

ጭቃን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አፈሩ ከጉድጓድ ወጥቶ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ታደርገዋለች፤ በፊት ጥርሷ ስትነክሰው ኮረት ኮረት ካለባት እንደገና ይነፋል። ካቦካችው በኋላ በቀጭኑ ታድቦለቡለውና በሌባ ጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ልስልስ ነው፤ ግን ልስልሱ ብቻውን እሳት አይችልም። ስለዚህ የተሰበረ ገል ወቅጣ ትጨምርበታለች። ባለፈው ዓመት የሰበርነው እንስራ ዘንድሮ በአዲሱ ጋን ሆድ ውስጥ ተመልሶ ቤታችን ይገባል ማለት ነው። ሸክላ ሠሪ ገል አትጥልም። መንኮራኩር የሚባል ነገር በመንደሩ አልነበረም፤ ጋን ሲሠራ ጋኑ አይዞርም፣ ሠሪዋ ናት ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ወደ ኋላ እየሄደች የምትዞረው። ወገባቸው ቶሎ የሚጎብጠው ለዚህ ነው።

ለምስል ግን ትቀመጣለች። ምስል መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልሆነም ይሉኝ ነበር። ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶች፣ በተለይም ስለ ቤተ እስራኤል የሰሙ አይሁድ፣ መንደሩን እየጎበኙ ሲሄዱ ሴቶቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እንግዳው ጋን ያደንቃል እንጂ አይገዛም። ጋን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መዳፍ የምታህል ሴት እንስራ አዝላ ብትሠራለት ግን ይገዛል። በዚያ ላይ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ገበያውን ወርሮ እንስራን እያባረረ ነበር። ጀሪካን አይሰበር፣ አይከብድ፤ ማን ይታገለዋል? እናም የእንስራ ሠሪዎች እጅ ወደ ምስል ዞረ።

ያን ጊዜ መንገድ ዳር ተደርድረው የማያቸው፣ ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት፣ ልጇን የምታጠባ እናት፣ ኦሪቱን የታቀፈ ቄስ፣ ርግብ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት የሻማ ማስቀመጫ ናቸው። አንድ ደግሞ ነበረ፤ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው። እኛ ልጆች እሱን ለማየት ነበር የምንጋፋው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። የከተማው ሽማግሌ ሲያልፍ ሴቶቹ ነጠላ ጣል ያደርጉበታል፤ ሲሄድ ይገልጡታል። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ በጭቃ ሲያየው የሚቆጣው ለምን እንደ ሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እታለም አንድ እፍኝ ጭቃ ታነሳለች። አውራ ጣቷን መሃሉ ላይ ከትታ ውስጡን ባዶ እያደረገች ግድግዳውን ወደ ላይ ታሳድገዋለች፤ ያ ቀሚስ ይሆናል፣ ምስሉም በእሱ ይቆማል። ራሱን ለብቻ ታድቦለቡልና አንገቱን በቀጭን ጭቃ አርሳ ትተክለዋለች። ክንድ ይጨመራል። አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ታደርጋለች። በመጨረሻ ሁለት ቅንጣት ጭቃ ፊቱ ላይ ለጥፋ በሰንደዶ ጫፍ መሃል ለመሃል ትሰነጥቃቸዋለች። አለቀ፤ ያየኛል። ለምን ዓይኑን መጨረሻ ላይ እንደምትሠራ ጠይቄያት «እያየኝ መሥራት አልወድም» አለችኝ። ከዚያም ሳቅ ብላ «አንተስ እናትህ አትያቸው ብላህ የለ?» አለች። ለካ የሚባለውን ሁሉ ያውቁታል።

ምስሉ ከሥሩ በእሾህ ይወጋል፤ ትንፋሽ መውጫ ነው። ሳይንሱን በኋላ ተማርኩት። ውሃ ሲተን ቦታው ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ድፍን በሆነ፣ ወይም በደንብ ባልደረቀ ጭቃ ውስጥ የታመቀ ውሃ እሳት ሲነካው መውጫ ካላገኘ ምስሉን ያፈነዳዋል። ሴቶቹ ስለ እንፋሎት አልተማሩም፤ ግን ምስሉን ጥላ ውስጥ ቀናት ያቆዩታል፣ ከዚያ ምድጃ ዳር ያሞቁታል፣ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ይፈትኑታል። ከቀዘቀዘ ውሃ አለበት፤ ይመለሳል።

የማቃጠያው ቀን ሲደርስ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ከታች ኩበት ይነጠፋል፣ ትልልቁ ዕቃ ይደረደራል፣ ምስሎቹ በጋኖቹ መካከልና በድስቶቹ ሆድ ውስጥ ይገባሉ፤ በላዩ ኩበት፣ ጭድ፣ እንጨት። ነፋስ ጋብ ሲል ይለኮሳል። የነደደ እንደሆነ ማንም አያወራም። እሳቱ ውስጥ ጧ ሲል ሴቶቹ ይተያያሉ፤ እታለም ከድምፁ ብቻ «ቄሱ ነው» ትላለች፣ ወይም «የኔ አይደለም፣ ድስት ነው»። በማግስቱ አመዱ ሲገለጥ አልፎ አልፎ እንጂ አትሳሳትም። ጭቃ ከ500 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ ከተፈጥሮው ጋር የተዋሃደውን ውሃ ሁሉ ይለቅና ከዚያ በኋላ ውሃ ቢያርፍበት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። እንዲህ ያለ የሜዳ እሳት ከ900 ዲግሪ ብዙም አያልፍ፤ ለጀበናም ለምስልም ይበቃል። ጥቁር እንዲሆን የተፈለገው ገና ፍም ሳለ በእርጥብ ቅጠልና በኩበት ብናኝ ይታፈናል። አየር ሲያጣ የአፈሩ ቀይ ብረት ይጠቁራል፣ ጢሱም ገብቶ ይቀራል።

ኋላ ቅርፃ ቅርፅ ልማር አዲስ አበባ ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ጭቃ ሌላ ነው። በብረት ሽቦ አፅም ይሠራል፣ ጭቃ ይለበሳል፣ በእርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ ለሳምንታት ይቀረፃል። ሲያልቅ ጀሶ ይፈስበትና ቅርፁ ይወሰዳል፤ ጭቃው ተፈርፍሮ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ሐውልት ብለን የምናቆመው ጀሶው፣ ሲሚንቶው ወይም ነሐሱ ነው። በየአደባባዩ ያለው የነሐስ ሐውልት አብዛኛው በመጀመሪያ የአንድ ሰው የእጅ አሻራ ያለበት ጭቃ ነበር፤ ያንን ጭቃ ግን ያየው የለም። እኔ ደግሞ የመጣሁት ጭቃው ራሱ ሥራ ሆኖ ከሚቀርበት አገር ነው። አንድ መምህራችን ከወለቃ ያመጣኋትን ወፍጮኛ አገላብጦ አየና «ይህ ለቱሪስት ነው፤ እደ ጥበብ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አልተከራከርኩም፤ ግን አልተቀበልኩትም። የወፍጮኛዋ ጀርባ ጉብጥ ያለበት መስመር፣ ሁለቱ ክንዶች መጁን ሲገፉ ትከሻዋ የሚወጣበት ልክ፣ እኛ ሞዴል አቁመን በሳምንት የማናገኘው ነበር። ያቺ ሴት ሌላ ሰው አይታ አልሠራችውም፤ የራሷን ወገብ ነው የሠራችው።

ሙዚየም ሳዘወትር ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከአክሱም ከተገኙት የሸክላ ዕቃዎች መካከል አንገታቸው በሰው ራስ አምሳል የተሠሩ አሉ፤ ፀጉራቸው ዛሬ የአገራችን ሴቶች የሚሠሩትን ሹሩባ ይመስላል። ከአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በሚባለው፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ ሥፍራ ደግሞ በጭቃ የተሠሩ የከብት ምስሎች ተገኝተዋል። እንግዲህ በዚህ ምድር ሰው ጭቃን በሰውና በእንስሳ መልክ ሠርቶ ማቃጠል ከጀመረ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወለቃዎች ከእነዚያ በቀጥታ ተማሩ አልልም፤ ይህን የሚያስረዳ ነገር የለኝም። ግን ያው አፈር፣ ያው ኩበት፣ ያው የአውራ ጣት ሥራ ነው። አንዱን መስታወት ውስጥ አስገብተን ቅርስ፣ ሌላውን መንገድ ዳር አስቀምጠን አሻንጉሊት የምንለው በምን መለኪያ ነው?

ለትምህርቱ የሚሆን አፈር ስፈልግ ቀጨኔ እወጣ ነበር። የአዲስ አበባን ጀበናና ምጣድ የሚሠሩት የቀጨኔ ሴቶች ናቸው፤ ሸክሙን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ ሲወርዱ ያላየ የለም። እዚያም ያው ሐሜት ነበረ። ጎንደር ትቼው የመጣሁ የመሰለኝን ሁሉ አዲስ አበባ ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት።

በ1982 ክረምት ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በሺህ በሺህ አዲስ አበባ ገቡ። ቀያቸውን ለቀው፣ ከብታቸውን ሸጠው፣ ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን እየጠበቁ በየጠባቡ ክፍል ተከራይተው ነበር። ከእነሱ መካከል እታለምን አገኘኋት። ከልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት። ቡና አፍልታ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ጀበናው ከገበያ የተገዛ ነበር። ኳ አደረገችውና «የማን እጅ እንደ ሆነ እንጃ፣ አላበሰለችውም» አለች። ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ «እየው፣ እጄ ለሰለሰ»። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አልለየሁም።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ነው የሄዱት። መንግሥትን የሚወጉት አማፅያን ወደ አዲስ አበባ እየቀረቡ ሳለ፣ «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባለው ጉዞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከቦሌ ተጭኖ ወጣ። አውሮፕላኖቹ ወንበራቸው ተነቅሎ ነበር፤ ሰው እንዲበዛ ዕቃ አልተጫነም። በዚያ ቀን ምስል ይዞ የሄደ ካለ በነጠላው ቋጥሮ ነው። ቀደም ሲል በ1977 አካባቢ በሱዳን በኩል የሄዱት ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው፣ ስንቱን በመንገድ ቀብረው ነበርና ሸክላ የሚያስብ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ሄድኩ። የልጅነት ጓደኛዬ ተቀብሎኝ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤርሳቤህ ወሰደኝ። እታለም ሞታለች። ልጇን አገኘኋት፤ የልጅ ልጆቿ በዕብራይስጥ ይንጫጫሉ፣ አንዷ የወታደር ልብስ ለብሳ ከጦር ሰፈር ገብታለች። መደርደሪያው ላይ ምስሎች ተደርድረዋል፤ እታለም እዚህ መጥታ የሠራቻቸው ናቸው። ወደ እስራኤል ከመጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ተሰባስበው ምስል መሥራት ቀጥለው ነበር። አፈር ግን አይቆፈርም፤ በላስቲክ ታሽጎ ይገዛል። ኩበት የለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ልጇ ስትነግረኝ እናቷ በምድጃው ትበሳጭ ነበር፤ ምስሉ ሳይፈነዳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ ጢስ አልነካውም፣ «የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል» ትል ነበር አሉ። ምስሎቹም ተለውጠዋል። ሰሎሞንና ሳባ የሉም። ልጇን አዝላ ዕቃ ተሸክማ የምትጓዝ ሴት አለች፤ ከኋላዋ ሽማግሌ፣ ከኋላው ሌላ ልጅ። የሱዳን መንገድ ነው። ወለቃ ሳለች ለእንግዳ ትሠራ የነበረች ሴት እዚህ ለራሷ መሥራት ጀምራለች፤ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጡብኝም እነዚህ ናቸው።

ሙያውን ለምን እንዳልያዘችው ልጇን ጠየቅኋት። «እናቴ ወዳ መሰለህ?» አለችኝ። ልክ ናት። ሸክላ ሲጠፋ የሚያዝኑ ብዙ ጽሑፎች አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹን የጻፍነው ጭቃ አቡክቶ የማያውቅ ቤተሰብ ልጆች ነን። ርስት ስለተነፈጉ የያዙትን ሥራ፣ መሬትም መብትም ካገኙ በኋላ ለልጆቻቸው አውርሱ ማለት ትንሽ ያሳፍራል። የእታለም የልጅ ልጅ ነርስ ብትሆን፣ ወታደር ብትሆን፣ ጭቃ ባትነካ ምንም አልጎደለም። ወለቃም ላይ ዛሬ ምስል የሚሸጡት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው፤ የዳዊት ኮከቡን ሳይቀር ይሠራሉ። ውሸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ አይተው ተማሩ፣ ይሸጣሉ፣ ይብሉበት።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በየሙዚየሙና በየሰብሳቢው ቤት ያሉትን የወለቃ ምስሎች ብታገላብጧቸው አብዛኞቹ ላይ የሠሪ ስም አታገኙም። ካርዱ ላይ «የቤተ እስራኤል ሥራ፣ ጎንደር» ይላል፤ ያች ሴት፣ ያ እጅ ግን የለም። በአንድ መንደር ውስጥ የአንዷ ሥራ ከሌላዋ እንደሚለይ፣ የአንዷ አንበሳ አፉ ክፍት የሌላዋ ዝግ እንደ ሆነ፣ ወለቃ ያደገ ሁሉ ያውቅ ነበር። የሚያውቁት ደግሞ እያለፉ ነው።

ስለዚህ በቤርሳቤህም፣ በነታንያም፣ በጎንደርም ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር እለምናለሁ። አያታችሁ ወይም የጎረቤት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ከነበረች ዛሬውኑ ጠይቋት፤ አፈሩን ከየት ታመጣ እንደ ነበር፣ በምን ታለሰልስ እንደ ነበር፣ ምስል መሥራት ማን እንዳስተማራት። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ቤታችሁ የቆየ ምስል ካለ ደግሞ አሳዩዋትና የማን እጅ እንደ ሆነ ትንገራችሁ፤ ከዚያ ምስሉን ገልብጣችሁ ከሥሩ የሠሪዋን ስም ከነአባቷ፣ መንደሯንም ጨምራችሁ በእርሳስም ቢሆን ጻፉበት።